ከሥሩ የሚረግፍ ፀጉር

ኢኒስፌይል፣ ሰሜን ኩዊንስላንድ
ማርች 6 ቀን 1955

ይድረስ ለእማዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለቱም ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ሳልመልስ ሁለተኛው ስለደረሰብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ክላይቭም ደህና ነው። ሸንኮራው የሚቆረጥበት ጊዜ ገና ስለሆነ እስከዚያው ሌላ ሥራ ይዞ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዷል፤ በራሱ እጅ ያልጻፈልዎትም ለዚያ ነው። ልጅዎ ብዕር እንደማይወድ ከእኔ ከሚስቱ ይልቅ እርስዎ እናቱ ያውቃሉ።

ገናን እንዴት እንዳሳለፍን ጠይቀውኛል። ዝናብ ነበር። ከዚያም ወዲህ ዝናብ ነው።

ስለ ሥራዬ ላጫውትዎት። በረንዳው ላይ ያስቀመጥኳት ወንበር አሁንም አለች፤ በሳምንት አራት አምስት ሴቶች ይመጡልኛል። ግን እዚህ አገር ፀጉር ቃሉን አይጠብቅም። ሆባርት እርስዎ ጋ ስሠራ በፒን ጠቅልለን ያደረቅነው ራስ አንዴ ከተበጠረ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አይነቃነቅም ነበር። እዚህ ጠቅልዬ፣ አድርቄ፣ አበጥሬ ስጨርስ ሴትየዋ የግቢውን በር ሳታልፍ ይወርዳል። አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው። ፒኖቹ ይዝጋሉ፤ ነጣ ባለ ፀጉር ላይ ደግሞ የዝገቱ ምልክት ይቀራል። ጥቅልሉ እንዲይዝ አፍልተን፣ አጥልለን የምንቀባው የተልባ ውሃ በሁለተኛው ቀን ይሸታል። በስኳር ውሃ ልሞክር ብዬ አንዷን ደንበኛዬን ጉንዳን ወረራት። ጎረቤቴ አሱንታ፣ «ስኳር በሚበቅልበት አገር ስኳር ራስ ላይ የሚቀባ አንቺን ብቻ አየሁ» አለችኝ። አምና የጻፍኩልዎት ጣሊያኗ ናት፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው እርሻ የባሏ ነው። የራሷ ፀጉር እስከ ወገቧ ይወርዳል፤ ጎንጉና በሁለት ሚዶ ትይዘዋለች። ለማንም አስነክታ አታውቅም፤ የሌሎቹ ሲሠራ ለማየት ግን አንድ ቀን አትቀርም።

ሌላ የምጽፈው አልመጣልኝም። ራስዎን ይጠብቁ፤ ሆባርት አሁን መብረድ ጀምሮ ይሆናል።

ልጅዎ ሎርና


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ማርች 27 ቀን 1955

ለውድ ልጄ ለሎርና፣

ወረቀትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ ሦስት ጊዜ ለማንበብ አያስቸግርም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አምና ለገና ስምንት ገጽ ጽፈሽልኝ፣ የአሱንታ ባል ከዶሮው ጋር የተጣላውን ሳይቀር አጫውተሽኝ ስለነበር ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራችን። ፒኖችሽን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከደረቅ ሩዝ ጋር አስቀምጪ፤ ሩዙ እርጥበቱን ይጠጣላቸዋል። የዛገውን ጣይ። አዲሱን ሳትጠቀሚበት በፊት አንድ አንድ ዙር የጥፍር ቀለም ቀቢው፤ ወረፋ ለሚጠብቁት ሴቶች አድያቸውና እያወሩ ይቅቡልሽ። የተልባው ውሃ ላይ ትንሽ ኮሎኝ ጠብ አድርጊ። ያም ካልሆነ አረፋው የጠፋ ቢራ አለ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል፤ ካልጠፋም የባሏ ሽታ ነው ብለው ያልፉታል። ትልልቁን ቢጎዲን እዚያ አገር እርሺው። ጥቅልሉን አሳንሺ፣ ከሥሩ አጥብቂ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፒን አትንቀዪ።

እኔ ጋ ያ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ሽቦው እንደ ከብት አንጀት የሚወርደው የድሮው የፐርም ማሽን ተወስዷል። ብረታ ብረት ሰብሳቢዎች ሲጭኑት ቆሜ አየሁ። ስንት ጆሮ አቃጥያለሁ በሱ። አሁን ፐርም በቀዝቃዛ መድኃኒት ሆኗል፤ የሚሸተው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው፤ ሴቶቹ ግን አያማርሩም። ወጣቶቹ አጭር ይፈልጋሉ። በጦርነቱ ጊዜ ግንባር ላይ ከፍ አድርገን የምንጠቀልለውን የሚጠይቁኝ አሁን አሮጊቶቹ ብቻ ናቸው።

ክላይቭ ደህና ነው ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። ራቅ ያለ ቦታ ያልሽው ምን ያህል ቢርቅ ነው? ልትመልሺልኝ የምትወጂ ከሆነ መልሺልኝ።

እናትሽ አቪስ


ኢኒስፌይል
ኤፕሪል 24 ቀን 1955

ይድረስ ለእማዬ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ቢራው ሠርቷል። የአሱንታ ባል ጠርሙሱን ሴቶች ራስ ላይ ስገለብጥ አይቶ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ቀብር ያየ ነው የሚመስለው።

ክላይቭ ሰላም ይልዎታል። ስለ ርቀቱ ላነሱት፣ ራቅ ያለ ቦታ አልኩ እንጂ ምን ያህል እንደሆነ እኔም በትክክል አላውቀውም። እሱ በደህና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ይረግፋል። ሳበጥራት በእፍኝ ነው የሚወጣው። ከሁሉ የባሰው በጆሮ ግንዷና በግንባሯ ዙሪያ ነው። አይሰበርም፤ ከነሥሩ ነው የሚመጣው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ቆዳዋ አልቆሰለም፤ አያሳክካትም። የረገፈውን አልጣልኩትም። በጦርነቱ ጊዜ እንደምናደርገው ሰብስቤ፣ በመረብ ጠቅልዬ መሙያ ሠራሁበትና የቀረውን ፀጉሯን ከላይ አልብሼ በፒን አሰርኩት። ከላዩ ደግሞ ሻሽ ጠመጠምኩ። ሲያዩት አያስታውቅም።

ሕመም ነው ወይስ ምንድን ነው? ተመልሶ ይበቅላል? እሷ አላለቀሰችም። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቀችኝ።

ሎርና


ሆባርት
ሜይ 8 ቀን 1955

ልጄ ሎርና፣

ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ክላይቭ እዚህ ነው። ከማርች 19 ቀን ጀምሮ ጓሮ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ተኝቷል። «እሱ በደህና ነው» ብለሽ የጻፍሽልኝን ያነበብኩት እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የተጠበሰ ዳቦ ሲበላ ነው። ባለፈው ምን ያህል ይርቃል ብዬ ስጠይቅሽም አውቅ ነበር። አንቺ የሸፈንሽውን እኔ ብገልጠው ታፍሪያለሽ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ እኔን ላለማሳዘን ትዋሻለሽ፣ እኔ አንቺን ላለማሳፈር እዋሻለሁ፤ ሁለታችንም ፒን ስለ መቀባት እንጻጻፋለን። ይቅር በዪኝ።

ተጣልተን ነው አላለኝም። «ትንሽ ማረፍ ፈልጌ ነው» አለኝ። ብጠይቀው ብጠይቀው ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይወጣውም። ትናንት ግን ራሱ አንስቶ፣ «ሎርና ብትመጣ ጥሩ ነበር። ጻፊላት። ቤቱን ቆልፋ ትምጣ በያት» አለኝ። ደስ አለኝ። እዚህ ብትመጪ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ፤ ሁለተኛው ወንበር አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰው አልተቀመጠበትም። ቤቱን ቆልፈሽ ነዪ።

አሁን ስለ ደንበኛሽ። ሠላሳ ዓመት የሴት ራስ አበጥሬያለሁ። እንደዚያ በጆሮ ግንድና በግንባር ዙሪያ፣ ነጭ ነጥቡን ይዞ፣ ቆዳው ሳይታመም፣ በእፍኝ የሚረግፍ ፀጉር ከባድ ትኩሳት ካልሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሴት ከወለደች በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወር ነው እንዲያ የሚያደርጋት። ይበቅላል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይበቅላል፤ ይህን ንገሪያት።

ሎርና፣ አንቺ በኤፕሪል ሃያ ስምንት ዓመት ሞላሽ። ከኤፕሪል ወደ ኋላ ሦስት ወር ቆጠርኩ። ጃንዋሪ ላይ ምን ሆነሻል?

አቪስ


ኢኒስፌይል
ሜይ 22 ቀን 1955

ይድረስ ለእማዬ፣

እኔ ነኝ።

ጃንዋሪ 9 ቀን ሴት ልጅ ወለድኩ። ከቀኗ ስድስት ሳምንት ቀድማ ነው የመጣችው። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር አሱንታ ናት ያዋለደችኝ። ስሟን ኢሶቤል አልናት። ጥቁር ፀጉር ነበራት፣ ብዙ። አሱንታ በእርጥብ ጣቷ ወደ ጎን ታደርግላት ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ጡት አልያዘችም።

ሳጥኑን የሠራው ክላይቭ ነው። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፤ ማዕዘኑን ሁሉ በእጁ አለስልሶታል። በሳምንቱ ሥራ ላፈላልግ ብሎ ሄደ። አልተጣላንም። ለመንገድ ሳንድዊች ቋጠርኩለት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም ነበር። እርስዎ ጋ መሆኑን ስላወቅሁ ደህና ነው።

እርጉዝ መሆኔን ያልነገርንዎት ከዚያ በፊት ያረገዝኳቸው ሁለቱ ሆዴ ውስጥ ሳይቆዩ ስለቀሩ ነው። ይችኛዋ ከተወለደች በኋላ ልንነግርዎት ነበር። ማርች ላይ ልነግርዎት ተቀመጥኩ። ስለ ፒን ዝገት ጻፍኩ።

ያዝኑልኝ ይሆናል። እኔ ምንም አይሰማኝም። እጄን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስከት ሙቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያ ብቻ ነው። ሥራዬን እሠራለሁ። ሴቶቹ ያወራሉ፣ እመልሳለሁ።

እመጣለሁ። ለጁን 14 የባቡር ትኬት ይዣለሁ። ዶሮዎቹን አሱንታ ትወስዳቸዋለች። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉንም እሷ ጋ አስቀምጣለሁ።

ሎርና


ሆባርት
ሜይ 30 ቀን 1955
በአየር መልእክት

ሎርና፣

አትምጪ። ይህን እንዳነበብሽ ሻንጣሽን ፍቺ። ከቤትሽ አትውጪ። ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ፤ ግን መጀመሪያ አትምጪ።

ክላይቭ በመጣ በሳምንቱ ግዌንዳ የምትባል ሴት አመጣልኝ። «የጓደኛዬ እህት ናት፣ ከተማውን አታውቅም» ነው ያለኝ። በየዓርቡ እየመጣች ትሠራለች። ቀጭን፣ ለስላሳ ፀጉር ነው ያላት፣ ፒን የማይዝ። ጥሩ ልጅ ትመስላለች፤ አሁንም ክፉ ናት አልልሽም።

ባለፈው ዓርብ ጠቅልዬያት ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባኋት። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ራሱን እንደማይሰማ ታውቂያለሽ፤ ምስጢሩን ለመንገደኛ ነው የሚያካፍለው። አጠገቧ ካስክ ውስጥ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ተቀምጣለች። ሁለቱ እየተጯጯሁ ያወራሉ።

«ታዲያ ሠርጉ መቼ ነው?» አለቻት የፖስታ ቤቱ ሴትዮ።

«ሚስቱ ቤቱን ለቃ ስትወጣ ነዋ» አለች ግዌንዳ። «በሚቀጥለው ወር ትወጣለች። እሷ ወደዚህ ስትመጣ እኛ ወደዚያ እንሄዳለን።»

«እንዴት ነው እሱ?»

«ጠበቃው ነግሮታል። በገዛ እግሯ ቤቱን ቆልፋ ከወጣች ባሏን ጥላ እንደሄደች ይቆጠራል። እሱ ሥራ ፍለጋ ነው የወጣው፤ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው ማለት ነው። ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፤ ቤቱም እርሻውም ለእሱ ይቀራል። አሁን እናቱ እየጻፈችላት ነው፤ ልጅቷ የናቱን ቃል አታልፍም ይላል።»

ማበጠሪያ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ሦስት ደንበኞች ሰምተዋል። ማንም ወደ እኔ አላየም።

ጊዜዋ ሲደርስ ካስኩን አነሳሁ። ፒኖቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ አበጠርኩ፤ በግራ በኩል አዙሬ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገባሁላት። በመስታወት ከኋላ አሳየኋት። «አቤት ሲያምር» አለችኝ። አምሮ ነበር። ለምን ጨረስኩት ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም።

እቤት ስገባ ክላይቭ ወጥ ቤት ነበር።

«ልጅ ወልዳችሁ ነበር» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ፀጉሯ።»

«አሥራ አንድ ቀን ነው እኮ እማ» አለኝ። «አሥራ አንድ ቀን ምን ይባላል?»

«ሳጥን ሠርተህላታል።»

«ሠራሁ። ከዚያስ? ሎርና አላለቀሰችም። አንድ ቀን አላለቀሰችም። ግድግዳ ሆነችብኝ። አጠገቧ ስቀመጥ ሰው እንደተቀመጠ አታውቅም። ከግድግዳ ጋር እንዴት ይኖራል?»

«ቤቱን ቆልፋ ትምጣ ያልከኝስ?»

ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ያቺን «ቤቱን ቆልፈሽ ነዪ» የምትለዋን ቃል እሱ ነው ያቀበለኝ፤ እኔ ደግሞ በእጄ ጻፍኳት። ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። እንድትቀሪ ማድረግ የምችለውም እኔ ነኝ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ስለ ኢሶቤል አሁን አልጽፍም።

ጠበቃ ፊት ቀርቤ የሰማሁትን ብናገር ትፈልጊያለሽ? እሺ በይኝና እሄዳለሁ።

አቪስ


ኢኒስፌይል
ጁን 19 ቀን 1955

ይድረስ ለእማዬ፣

ደብዳቤዎ ሲደርስ ሻንጣው ተቋጥሮ ነበር። ፈታሁት። ብዙ ዕቃ አልነበረውም።

ለጠየቁኝ፣ በልጅዎ ላይ ይመስክሩ ብዬ መጻፍ አልችልም። አይመስክሩም አልልም። ሁለቱንም ለመጻፍ ሞክሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በእኔ በኩል የሆነውን ልንገርዎት። ከአንድ ጠበቃ ቤት ወረቀት መጣ፤ ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ቤቱን ለማየት ይመጣል ይላል። ለአሱንታ አነበብኩላት። «ምን ሊያይ?» አለች። «ባዶ መሆኑን» አልኳት። ተነስታ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ሴቶች መምጣት ጀመሩ። ቀጠሮ የሰጠሁት አንድም ሰው አልነበረም። ከየእርሻው፣ ከከተማው፣ የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ሳትቀር፣ አምስት ሆኑ። «ጠቅልይን» አሉኝ። ፒን አለቀብኝ፤ ከየራሳቸው እየነቀሉ ሰጡኝ። አሱንታ መጨረሻ ላይ መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሚዶዎቿን ራሷ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔንም» አለች። «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። «አንድ ራስ ይጎድላል፤ የኔን ሥሪው» አለችኝ። ያን ሁሉ ፀጉር በፒን መጠቅለል ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ሰውየው ሲመጣ ስድስት ሴት ራሷን በፒን ተሞልታ በረንዳው ላይ ተደርድራለች። ከደረጃው ሥር ቆመ።

«ወይዘሮ ሎርና በርናቢን ፈልጌ ነበር» አለ።

«ወረፋ አለ» አለችው የዳቦ ቤቱ ሴትዮ።

«አይ፣ እኔ ለፀጉር አይደለም። ቤቱ ባዶ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት።» ይህን ሲል ለአክብሮት ኮፍያውን አወለቀ። መላጣ ነው።

አሱንታ አየችው፣ አየችውና፣ «ባዶስ እሱ ነው» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። ሰውየውም ትንሽ ሳቀ። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እዚህ እኖራለሁ ወይ አለኝ፣ እኖራለሁ አልኩት። ጽፎ ሄደ።

እኔ አልሳቅሁም። ግን የሚያስቅ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንደዚያ የገባኝ፤ ለዚያ ነው የምጽፍልዎት።

ሎርና


ሆባርት
ጁላይ 10 ቀን 1955

ልጄ ሎርና፣

አልፈረድኩብሽም። ያን ጥያቄ ለአንቺ መወርወር አልነበረብኝም፤ የራሴን ሸክም ላሳርፍብሽ ነው የሞከርኩት። ስለዚህ ሳልጠይቅሽ አደረግሁት።

ከተማ ወርጄ የአንቺን ጉዳይ ለሚይዝ ጠበቃ ያየሁትንና የሰማሁትን በቃሌ ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። ክላይቭ ከማርች ጀምሮ እዚህ እንደነበር፣ ግዌንዳ ማን እንደሆነች፣ ነዪ ብዬ የጻፍኩት ከማን አፍ እንደሆነ። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስትም መጥታ ፈረመች። ይህች ሴትዮ ወሬ ትወዳለች እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አምቻታለሁ። ፈርማ ስትወጣ፣ «አንቺ ባትመጪ እኔ ብቻዬን እመጣ ነበር» አለችኝ።

ክላይቭ ሲሰማ ሻንጣውን አወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ያለኝን አልጽፍልሽም። ልጄ ነው። ከፈረምኩ በኋላም ልጄ ነው፤ ሸሚዙን ተኩሼ ነው የሰጠሁት። ግዌንዳ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እንደሰማሁት ሚስቱ ልጅ እንደቀበረች ለእሷም አልነገራትም ነበር፤ አሁን አብራው ትሁን አትሁን አላውቅም።

ጠበቃው ትናንት እንደነገረኝ ከዚያ ወገን ጉዳዩን ትተውታል። ከቤትሽ የሚያስወጣሽ የለም። ትዳሩን በሚመለከት የምትጠይቂው ካለ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ሲሻሽ፣ ካሻሽ።

አሁን የኔን ልንገርሽ። ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፤ ሐኪሙ ከመቆም ቀንሺ ብሎኛል። ኦገስት ላይ ሱቁን ለአንድ ወር ልዘጋ ነው። ሠላሳ ዓመት ዘግቼው አላውቅም። አያት ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ቀን አያት ሆኜ ሳላውቀው አልፏል። ያንን ሳስብ ቁጭ እላለሁ፤ ቁጭ ብዬ ደግሞ የማስበው ነገር ይጠፋብኛል። አንቺ ምንም አይሰማኝም ስትይ ምን ማለትሽ እንደሆነ አሁን ትንሽ ገብቶኛል መሰለኝ።

ብመጣ ይከብድሻል? አይ ካልሽኝ አልቀየምም። እሺ ካልሽኝ ደግሞ የባቡሩን ነገር ጻፊልኝ፤ ከብሪዝበን በላይ ሄጄ አላውቅም።

አቪስ


ኢኒስፌይል
ጁላይ 31 ቀን 1955

ይድረስ ለእማዬ፣

ይምጡ።

ከብሪዝበን ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ሁለት ቀን ያህል ይወስዳል። በቀኝ በኩል መስኮት ጋ ይቀመጡ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በግራ ነው። እግርዎን የሚያስቀምጡበት ትንሽ ሣጥን ነገር ይያዙ። የባቡሩን ሻይ አይጠጡት፤ ጣቢያዎቹ ላይ ያለው ይሻላል። ወፍራም ካፖርትዎን ይተዉት። ሸንኮራው ቅጠሉ እየተቃጠለ መቆረጥ ስለጀመረ አየሩ ላይ ጥላሸት አለ፤ ነጭ ልብስ አይያዙ።

ጣቢያው ላይ ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገርዎት። ፀጉሬን ቆርጨዋለሁ። መሙያውንም መረቡንም ሻሹንም ትቼዋለሁ። ሁለት መስታወት ፊትና ኋላ አቁሜ በራሴ መቀስ ነው የቆረጥኩት፤ ጀርባው ትንሽ ጠምሟል። በጆሮዬ ግንድ ዙሪያ አዲስ ፀጉር ወጥቷል፣ አጭር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፤ በውሃ አይተኛም፣ በቢራም አይተኛም። አሱንታ እንደ ጫጩት ሆነሻል ትለኛለች። ደንበኞቼ መጀመሪያ ምንም አላሉም። አሁን ሁለቱ እንደዚያ ቁረጪን ብለውኛል።

ክላይቭ ጻፈልኝ። ግማሽ ገጽ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሳጥኑን ከምን እንጨት እንደሠራው ነው የጻፈልኝ። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አልመለስኩለትም፤ አልጣልኩትምም።

ባቡሩ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። አሱንታ ምሳ ላዘጋጅ ብላለች፤ ደክሞዎት ስለሚሆን ቀጥታ ወደ ቤት እንድንሄድ ነው የምትፈልገው። እኔ ግን የሚችሉ ከሆነ መጀመሪያ ኢሶቤል ጋ እንድንሄድ እፈልጋለሁ። ከጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ መሀል ላይ የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር አለ። ሣሩ እዚህ አገር ቶሎ ያድጋል፤ አሱንታ በየሁለት ሳምንቱ እየሄደች ታጭድላታለች።

እኔ ከተቀበረች ወዲህ አልሄድኩም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።

ልጅዎ ሎርና